ሲሞቅ የሚጠፋ

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ነው፤ ማራኪ ገና አልነቃም፤
መስታወቱን በእጅጌዬ ባብሰው ባብሰው አይጠራም።
ቁልፉን ጠመዘዝኩት፤ ሞተሪኖው አቃሰተ፤
ሁለቴ አስነጥሶ በሦስተኛው ሞተሩን ጎተተ።
ያን ጊዜ መጣች እሷ፦
ሲጥ... ሲጢጥ... ሲጥ...
ቅባት እንደማያውቅ ማጠፊያ፣ ሌባውን እንደሚያጋልጥ።

ፒያሳ ሳልደርስ የለችም፤ እንደ ውርጭ ሟሙታ አለቀች፤
ጋራዥ ስትገባማ መኪናዬ የጨዋ ልጅ መሰለች።
አያ አጣናው ኮፈኑን ከፍቶ፣ "ምን አላት?" ይለኛል፤
"ሲጥ ትላለች" ስለው ረዳቱ ደስያለው ይስቃል።
"እስቲ አንተ አሰማን።"
ከንፈሬን አሞጠሞጥኩ፤ በምላሴና በጥርሴ
ሲጢጥ አልኩ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ራሴ።
ጎሚስታው ጎማውን ለቀቀው፤ እስከ አስፋልቱ ተንከባለለ፤
ከዚያ ሁሉም ሐኪም ሆነ፤ ሁሉም የየራሱን አለ።

"ቺንጋ ናት።" ቺንጋ አስቀየርኩ። ሲጥ አለች።
"የውሃ ፓምፕ ነው።" ፓምፑ ተቀየረ። ሲጥ አለች።
ከአዘዞ የሚሳፈር ጡረተኛ ወታደር፣
"እኔ ታንክ ነድቻለሁ፤ ይህ የማርሚታ ነው" አለ።
ማርሚታው ተበየደ። ሲጥ አለች።
"ጠበል ርጫት" ያለኝም አለ፤
እውነቱን ልናገር? ረጨኋት፤ አንድ ጆግ ሙሉ።
ሲጥ አለች።
ሚስቴ ደግሞ፣ "እንደሱ አይደለም የምትለው" ብላ አረመችኝ፤
እሷ አፏን አሹላ ስታሰማው ድመቷ ከምድጃው ዘለለች።

"እንግዲህ" አለ አያ አጣናው፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣
"በብርድ የሚመጣን ነገር ማነው በፀሐይ የፈለገ?
እኔ መጥቼ አድራለሁ።"
መጣም። ከነቱታው፣ በጋቢዬ ተጠቅልሎ ሳሎን አደረ፤
ሲያንኮራፋ ሌሊቱን፣ ከእሱስ መኪናዋ ትሻል ነበረ።

አሥራ አንድ ላይ ወጣን።
ግራ ጆሮው አይሰማም፤ ሠላሳ ዓመት ኤንትሬ በልቶታል፤
ቀኙንም አያምነው።
የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ብረቱ ላይ፣
እጀታውን ጥርሱ መሀል አድርጎታል።
በጣቱ "አስነሣ" አለኝ።
ሲጥ... ሲጢጥ...
ዲናሞው ላይ አሳረፈ፤ ራሱን ነቀነቀ። አይደለም።
ፓምፑ ላይ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። አይደለም።
ወደ ታች ወረደ፣ ቺንጋዋን ወደምትወጥረዋ ትንሽ መዘውር፤
ጥርሱ ተንገጫገጨ።
እጁን አነሣ። አጠፋሁ።
"ኩሽኔታ ናት" አለ፣ ብረቱን ከአፉ አውጥቶ ምራቁን እየዋጠ፤
"ግራሶ ጨርሳለች። ሲበርዳት ታለቅሳለች፤
ስትሞቅ፣ ማን እንደሷ፣ ዝም ብላ ትሽከረከራለች።
ከአንድ ቀን ናፍጣ አታልፍም ዋጋዋ፤
ይህን ያህል ወር ላንገላታችህ፣ ይቺው ናት ዕዳዋ።"

ማግስቱን ቁልፉን ጠመዘዝኩ። ዝም።
የቀረ ነገር ያለ ይመስል ጆሮዬን ጣልኩ። ዝም።
አዘዞ ሦስቴ ተመላልሼ ማታ ስገባ
እትዬ አንጓች አጥሩ ጥግ ጠበቁኝ።
"ዛሬ ሥራ አልወጣህም?"
"ወጥቻለሁ እንጅ።"
"ከኅዳር ወዲህ በዚያች ሲጥሲጥታ ነው የምንነሣ!
ባንቺአየሁ ፈተናዋ አለፈባት፤ ይኸው በአንተ አበሳ።"
"ሰዓት የለዎትም?"
"አለኝ። ሰዓትን ማን ያምነዋል?"

ሳቅሁ፤ ልጅቷን ሳይ ተውኩት።
አሮጌዋን ኩሽኔታ ከኪሴ አውጥቼ
በአጥሩ ቀዳዳ ሰጠኋት።
በጣቷ አሽከረከረቻት፤ ሦስታችንም ጆሮ ሰጠን።
ምንም። ኪሴ ውስጥ ሞቃ ነው የዋለችው።
"ድንጋይ ላይ፣ ውጭ አሳድራታለሁ" አለች ባንቺአየሁ።

ዛሬ፣ አሥራ አንድ ሰዓት።
መስታወቱን እየወለወልኩ፣ ቁልፉ ገና በእጄ ሳለ፣
ከአጥሩ ወዲያ፣ ጨለማው ውስጥ፣
አንድ ነገር ሲጢጥ አለ።